22 ሺህ ብር ለስንት ወር ይካፈላል?

አዲስ ስልክ ገዝቶ ከሱቅ ሲወጣ የመጀመሪያዎቹን መቶ ሜትሮች ሳይፈራ የተራመደ ሰው ካለ ይንገረኝ። እኔ ካርቶኑን በፌስታል፣ ፌስታሉን በጃኬቴ ውስጥ አድርጌ፣ ክንዴን ከጎኔ አጣብቄ ከአራዳ ጊዮርጊስ ቁልቁል ስወርድ የሚያልፈው ሁሉ እኔን የሚያይ መሰለኝ። አንድ ሎተሪ አዟሪ ልጅ ከኋላዬ መጥቶ «ብሮ፣ ዕድልህን ሞክር» ሲለኝ ዘልዬ ነው የዞርኩት። ልጁ ራሱ ደነገጠ።

ይሄ የሆነው በጥር መጀመሪያ ነው። አሁን ሁለት ሳምንት አልፎታል። ፍርሃቱ ቀንሷል፣ ስክሪኑ ላይ የተለጠፈው መስታወት አንድ ጥግ ላይ ተጭሯል፣ ስልኩም «አዲሱ ስልኬ» መባሉ ቀርቶ «ስልኬ» ሆኗል። ስለዚህ ፍቅሩ ሳይበርድ፣ ዓይኔም ሳይታወር ስለ እሱ የምጽፍበት ትክክለኛው ጊዜ አሁን ነው።

ስልኩ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ16 ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 መጨረሻ የወጣ፣ ሰፊ ስክሪን ያለው (6.7 ኢንች)፣ 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ባትሪ የያዘ፣ በኩባንያው ሰልፍ ውስጥ ከታችኞቹ የሚመደብ ስልክ። ባለ 4ጂ እና ባለ 5ጂ ሆኖ ይመጣል። እኔ የ4ጂውን ነው የወሰድኩት። 5ጂ አዲስ አበባ ውስጥ አለ፤ ግን የምሠራው ሥራ ጽሑፍ መላክና ፎቶ መጫን ነው። ለዚህ ደግሞ 4ጂ ከበቂ በላይ ነው። ያላሰብኩበትን ፍጥነት ለመግዛት ብር አልነበረኝም።

ብሩ ከየት መጣ? ከእቁብ። ሚያዝያ 2016 ላይ አሥራ ሁለት ሆነን በወር 2 ሺህ ብር ጀመርን። ስንጀምር በልቤ የነበረው ስልክ ይሄ አልነበረም፤ ሁለት ደረጃ ከፍ ያለ ነው። ምስሉን የአሮጌው ስልኬ ዎልፔፐር አድርጌው ነበር፤ አትሳቁብኝ። ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 መጣ፤ ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ የለቀቀበት ቀን። እቁቡን ስንጀምር አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በአሥረኛው ወር ዕጣው ለኔ ሲወጣ ከ120 ብር አልፏል። 24 ሺህ ብሬ በባንክ ምንዛሪ ከ420 ዶላር ወደ 190 ዶላር ገደማ ወርዶ ጠበቀኝ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ኢኮኖሚክስ አስተማሪዎቼ እንዳይታዘቡኝ አንድ ነገር ልጨምር። የስልክ ዋጋ በእጥፍ አልጨመረም። ሱቆቹ ከዚያ በፊትም ዋጋ የሚያወጡት በባንክ ሳይሆን በጥቁር ገበያው ምንዛሪ ነበር፤ ስለዚህ የጭማሪው ግማሽ መንገድ አስቀድሞ ተሂዶ ነበር። ቢሆንም የዎልፔፐሩ ስልክ ከእጄ ለማምለጥ ግማሹ መንገድ በቂው ነው። እቁብ ጥሩ ነገር ነው፤ ያስቀምጥሃል፣ ያሳፍርሃል፣ እንዳታባክን ይይዝሃል። ወለድ ግን አያውቅም። መጨረሻ አካባቢ ዕጣ የወጣለት ሰው ቀድሞ ለበላው አበዳሪ ሆኖ ነው የሚከርመው። በሁለተኛው ወር የደረሰው ጓደኛዬ በ24 ሺህ ብር የገዛውን ስልክ ሳይ... ተውት፣ ጓደኛዬ ነው።

ስልኩ 22 ሺህ ብር ሆነ። የቀረችው 2 ሺህ ለሽፋን፣ ለመስታወትና ለቻርጀር ሄደች። ቻርጀር ስላችሁ፣ ካርቶኑ ውስጥ ያለው ገመድ ብቻ ነው። ራሱ ቻርጀሩ ለብቻው ይገዛል። ይህን አውቅ ነበር፤ የማላውቀው የቻርጀር ገበያን ነው።

ስልኩ እስከ 25 ዋት ድረስ ይቀበላል። ከአንድ ትንሽ ሱቅ «ኦሪጅናል» ተብዬ ገዝቼ ቤት ገባሁ፤ ሰካሁት፤ ሦስት ሰዓት ቆይቼ ባየው ገና እየሞላ ነው። በማግስቱ ይዤው ተመለስኩ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ኦሪጅናል አይደለም።»

«ማነው ያለህ?» አለኝ ሻጩ ሳይናደድ።

«ስልኩ ራሱ ነው ያለኝ።» ስሰካው «ሱፐር ፋስት ቻርጂንግ» ማለት ሲገባው ዝም ብሎ «ቻርጂንግ» የሚለውን አሳየሁት።

ቻርጀሩን ገልበጥ አድርጎ አየውና «ኦሪጅናል አላልኩህም እኮ፤ አንደኛ ኮፒ ነው ያልኩህ» አለኝ። ኮፒም አንደኛና ሁለተኛ እንዳለው የዚያን ዕለት ተማርኩ። ሦስት መቶ ብር ጨምሬ ቀየረልኝ። የምመክራችሁ፦ ስልኩንም ቻርጀሩንም ከአንድ ቦታ ግዙ፣ ሱቁ ውስጥ ሰክታችሁ ጽሑፉን ሳታዩ ብር እንዳታወጡ።

አሁን ወደ ርዕሱ። ይህን ስልክ ከሌሎቹ አስበልጬ የገዛሁት ለካሜራው አይደለም፣ ለስሙም አይደለም። አንድ ቁጥር ነው የማረከኝ፦ ስድስት። ኩባንያው ለኤ16 ስድስት ትውልድ የአንድሮይድ ማሻሻያና ስድስት ዓመት የደኅንነት ጥገና ቃል ገብቷል። በዚህ የዋጋ እርከን ይሄ የተለመደ አይደለም። የድሮ ስልኬ ስሙን አልጠራውም፣ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው አፕዴት መቀበል አቆመ፤ ከዚያ አንድ በአንድ አፖቹ ፊታቸውን አዞሩበት። ስልክ የሚሞተው ሲሰበር ብቻ አይደለም። ደኅና እየሠራ፣ እየበራ፣ እየጮኸ፣ አንድ ቀን የባንክ አፕህ «ይህ ስልክ አይደገፍም» ሲልህ ሞቷል።

ስለዚህ ሱቁ ውስጥ ቆሜ ያደረግኩት ስሌት ይህ ነው። 22 ሺህ ብር ለሁለት ዓመት ሲካፈል በወር 917 ብር ገደማ ነው። ለስድስት ዓመት ሲካፈል 306 ብር። የአንድ ሳምንት ማኪያቶ! ሻጩ ካልኩሌተሬን አይቶ «ወንድም፣ ቅናሽ የለም» አለኝ፤ እየተከራከርኩ መስሎት።

በእርግጥ ስሌቱ ቀዳዳ አለው። አንደኛ፣ ስድስቱ ዓመት የሚቆጠረው ስልኩ ገበያ ከወጣበት ቀን እንጂ እናንተ ከገዛችሁበት አይደለም። በ2019 ላይ «ርካሽ አገኘሁ» ብሎ ይህንኑ ስልክ የሚገዛ ሰው የሚተርፈው ከአራት ዓመት ብዙም አይበልጥም። ሁለተኛ፣ ባትሪ ስድስት ዓመት ሙሉ ጉልበቱን አይዝም፤ መሃል ላይ አንድ ጊዜ መቀየሩ አይቀርም፤ ያ ወጪ ስሌቱ ውስጥ ይግባ። ሦስተኛው ቀዳዳ ፒያሳ ነው። ማለቴ ሞተር ላይ ሆኖ መንጭቆ የሚሄደው ሰው ነው። ስልኩ በሦስተኛ ወሩ ከተሰረቀ በወር ከ7 ሺህ ብር በላይ ወጣበት ማለት ነው። ለዚህ ነው አሁን መንገድ ላይ ስልክ ሲደወልልኝ ግድግዳ ፈልጌ ተደግፌ የማነሳው። *#06# ደውላችሁ የሚወጣውን ረጅም ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፉና ቤት አስቀምጡት፤ ስልኩ ላይ አይደለም፣ ወረቀት ላይ።

የመጀመሪያው ሳምንት ደስታ ብቻ አልነበረም። የሞባይል ባንኪንግ አፔን አዲሱ ላይ ስጭነው «ቅርንጫፍ ሄደው ያረጋግጡ» አለኝ። ቅርንጫፍ ሄድኩ። ቁጥር ወሰድኩ፤ ከፊቴ 41 ሰው። ከወረፋው ጥቂት የማይባለው እንደኔ ስልክ የቀየረ ሰው ነው፤ በእጃቸው ካለው አዲስ ሽፋን ታስታውቃላችሁ። እርስ በርስ የምንተያየው እንደ ሙሽሮች ነው፤ ማን ምን ገዛ፣ በስንት ገዛ። የአንድ ቀን ሥራዬ እዚያ ቀረ። ቴሌብር ግን በመልእክት በመጣ ቁጥር ብቻ በሁለት ደቂቃ ከፈተልኝ። ግንቦት 2013 ላይ ሲጀመር «ማን ይጠቀምበታል» ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ቃሌን በይፋ ዋጥኩ።

ከሁሉ ያስጨነቀኝ ግን የሲም ማስገቢያው ነው። ሁለት ቦታ አለው፤ ሁለተኛው ወይ ሲም ወይ ሚሞሪ ካርድ ነው የሚቀበለው። ሁለቱን አንድ ላይ አይወስድም። እኔ እንደብዙዎቻችሁ ሁለት ሲም ነው ያለኝ። የኢትዮ ቴሌኮሙ ቴሌብሬና የእናቴ መስመር ነው፤ የሳፋሪኮሙ ደግሞ ሥራዬን የምልክበት ዳታ። ሚሞሪ ካርዱ ላይ ያለው ሌላ ነገር ነው። ሰፈሬ ነው።

ተወልጄ ያደግኩት ዶሮ ማነቂያ ነው። መጋቢት 2016 ላይ ሰፈሩ ለኮሪደር ልማቱ ሲነሳ እኛ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ደረሰን፤ ጎረቤቶቻችን ደግሞ እንደየዕጣቸው ሌላ ሌላ ቦታ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት በዚያ በደከመ ስልክ ያየሁትን ሁሉ አነሳሁ። ግቢውን፣ የጋራ ቧንቧውን፣ የግድግዳውን ጭቃ፣ እናቴና የቡና ጎረቤቶቿ እቃ በተጫነ አይሱዙ ጎን ቁጭ ብለው የጠጡትን ቡና። ያኔ አንሥቼ ስጨርስ ተመልሼ አላየሁትም። ካርዱ ላይ አለ ብዬ ተኛሁ።

ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ አንዱን ስትመርጥ የተውከው ነገር የምርጫህ ዋጋ ነው ይሉናል። ለፈተና ጽፌዋለሁ። ትርጉሙ የገባኝ ግን ይህችን ጥፍር የምታክል ማስገቢያ በመርፌ ከፍቼ፣ በአንድ እጄ ሲም፣ በሌላው ካርድ ይዤ አልጋ ላይ ስቀመጥ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ስልኩ 128 ጊጋ የራሱ ማስቀመጫ ስላለው ሁሉንም ወደ ውስጥ ገልብጬ ካርዱን አወጣለሁ፣ ሲሙን አስገባለሁ። ገለበጥኩ። ፎቶዎቹ መጡ። ሦስት ቪዲዮ እምቢ አለ። አንዱ ያ ቡና ነው።

አዲስ ነገር ሲኖረን አሮጌው ላይ የምናሳየው ንቀት ይገርመኛል። ካርዱን ያለ ምንም ሽፋን ለአስር ወር ከአሮጌ ስልክ ውስጥ ትቼው፣ ስልኩን ከኪሴ ከሳንቲምና ከቁልፍ ጋር እያላተምኩ፣ ዛሬ ለአዲሱ ካርቶን ፌስታል በፌስታል ጠቅልዬ እንደ ታቦት ይዤ እሄዳለሁ።

ተመልሼ ፒያሳ ወረድኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ስልክ ጠጋኝ አለ፤ ደረጃ ሥር ባለች፣ ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ውጭ በሚቆምባት ክፍል ነው የሚሠራው። ካርዱን ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ ከአንድ ሰዓት በላይ ታገለው። «ካርዱ እየሞተ ነው፤ ትንሽ ብትቆይ ሁሉንም ይዞብህ ይሄድ ነበር» አለኝ። ሁለቱን ቪዲዮ አዳነ። የቡናው የመጀመሪያ 40 ሴኮንድ ተረፈ፤ ከዚያ ምስሉ አረንጓዴ ሆኖ ይቆማል፣ ድምፁ ትንሽ ይቀጥላል። የእናቴ ሳቅ ነው የሚቀጥለው። አሁን ሦስት ቦታ ነው ያለው፦ ስልኬ ላይ፣ የአጎቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይና ከጎረቤቶቻችን ጋር ባለን የቴሌግራም ግሩፕ ላይ። እናንተም ስልክ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አድርጉ፤ አዲሱ እስኪመጣ አትጠብቁ።

እናቴ ግድግዳ ላይ የሰቀለችው የሠርጓ ፎቶ ፒያሳ ካሉት ፎቶ ቤቶች በአንዱ የተነሳ ነው። ጥቁርና ነጭ፣ ጥጉ የቢጫ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሆኖታል፣ አንድም ቀን አፕዴት ጠይቆ አያውቅም። ይህንንም ለወር ላካፍለው ብዬ ነበር፤ የፎቶ ቤቱን ዋጋ አላስታውስም አለችኝ።

ከጠጋኙ ስወጣ ፀሐዩ ገና ነበርና በአዲሱ ካሜራ ፒያሳን ልዞራት ብዬ ተነሳሁ። መጀመሪያ ምኒልክ አደባባይ። ይሄ ፈረሰኛ ሐውልት በ1930፣ እንደ አውሮፓውያን ማለቴ ነው፣ የቆመ ነው። ፎቶ ሳነሳው ትዝ ያለኝ ስልክን ወደዚህ አገር ያስገቡት እሳቸው መሆናቸው ነው። በዘመኑ ከሐረር አዲስ አበባ የተዘረጋው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር፤ በሳጥኑ ውስጥ የሚናገረው ሰይጣን ነው ብለው የተቆጡ ካህናት እንደነበሩም ይወራል። ካህናቱ አንድ ነገር ሳይገባቸው አልቀረም። እኔ ራሱ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ አጫጭር ቪዲዮ በአውራ ጣቴ ስገፋ አንዳንዴ ይጠረጥረኛል።

ስክሪኑ እዚህ ጋ ነው ያስደሰተኝ። አሞሌድ የሚባለው ዓይነት ነው፤ የቀትር ፀሐይ ላይ እጄን ጥላ ሳላደርግ አያለሁ። የድሮው ስልኬ ከቤት ውጭ መስታወት ነበር፤ የማየው የራሴን ፊት ነው። ካሜራው ሦስት ነው፤ ዋናው ባለ 50 ሜጋፒክስል በቀን ብርሃን ደስ ይላል፤ ሰፊውን የሚያነሳው ደግሞ የካቲት 2016 የተመረቀውን የዓድዋ ሙዚየም ወደ ኋላ ሳልሄድ ሙሉውን አስገባልኝ። ሦስተኛው፣ ቅርብ ነገር የሚያነሳው፣ ለቁጥር ማሟያ ነው ብዬ አስባለሁ። ማታ ላይ ተአምር አትጠብቁ፤ በዚህ ዋጋ ተአምር የለም። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ግን ቀንም ሆነ ማታ ለካሜራ ደንታ እንደሌለው አሳየኝ። «እዚህ ማንሳት ክልክል ነው» አለኝ። «የቱን?» ስለው «ሁሉንም» አለ።

ሌላው የወደድኩት ነገር የሳምሰንግ ብቻ አይደለም፤ የጎግሉ ኪቦርድ ነው። በአማርኛ ትናገራለህ፣ እሱ ይጽፋል። ከ2017 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ እንደ አውሮፓውያን፤ የድሮው ስልኬ ግን ለመስማትም ጉልበት አልነበረውም። የዚህን ጽሑፍ ግማሽ ያህሉን ከአራብሳ በሚመጣው አውቶቡስ ላይ በአፌ ነው የጻፍኩት። አጠገቤ የተቀመጡ እናት መጀመሪያ ስልክ እያወራሁ መስሏቸው ዝም አሉ። በኋላ ነጥብና ሰረዝ ስናገር ሲሰሙ ቦታ ቀየሩ።

አንድ የረሳሁት፣ የሽቦ ማዳመጫ ቀዳዳ የለውም። ሳላነብ የገዛሁ እኔ ነኝ። ከአራዳ መንገድ ላይ በ150 ብር የገዛኋት ማዳመጫዬ አሁን ለእናቴ ሆናለች፤ ከአሮጌው ስልክ ጋር።

አዎ፣ አሮጌው ስልክ ለእናቴ ሄደ። ጠጋኙ ባትሪውን ቀየረው፣ እኔ ውስጡን ጠርጌ ባዶ አደረግኩት፣ ቴሌግራም ብቻ ጫንኩበት። የባንክ አፕ ባይቀበለውም ለእሷ ግድ የለም፤ የምትፈልገው የጎረቤቶቹን ግሩፕ ነው። እስከዛሬ ባለ ቁልፍ ስልክ ይዛ ግሩፑ ላይ ምን እንደተባለ የምትሰማው ከእኔ ነበር። ስሰጣት «አዲሱ ስንት ሆነ?» አለችኝ። «12 ሺህ» አልኳት። ወላጁን በስልክ ዋጋ ያልዋሸ የመጀመሪያውን ድንጋይ ይወርውር። 12 ሺሁንም ሰምታ «በዚህ ብር እኮ የፋሲካ በግ ይገዛል» ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ ሆኜ በቪዲዮ ደወለችልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ ናት የደወለችው። ግማሽ ግንባሯና ጣሪያው ነው የሚታየኝ።

«የት ነህ?»

«ዶሮ ማነቂያ። ማለቴ የነበረበት ጋ።»

«እስቲ አሳየኝ።»

የኋላውን ካሜራ ከፍቼ ቀስ ብዬ አዞርኩት። ሰፊው የእግረኛ መንገድ፣ አዲሶቹ መብራቶች፣ ሣሩ፣ ቁጭ ብለው ሰልፊ የሚነሱ ልጆች።

«ግራ አዙረው። ኧረ ግራ... እዚያ፣ ቁም። ቧንቧችን እዚያ ጋ አይደለም እንዴ?»

«አይመስለኝም እማ፣ ከዚያ ትንሽ ወረድ ይላል።»

«አይ፣ እዚያ ጋ ነው። የጊዮርጊስ ጉልላት በዚህ በኩል ነበር የሚታየኝ ውሃ ስቀዳ። ከፍ አድርገው።»

ከፍ አደረግኩት። ጉልላቱ ታየ። ምስሉ ሳይቆራረጥ፣ ጥርት ብሎ ነው የሚሄደው፤ እሷ ጋም እንደዚያው መሆን አለበት፣ ለጥቂት ጊዜ ምንም ሳትናገር ዝም አለች።

«ደግሞ እንዴት ያጠራል!» አለች በመጨረሻ። «አንተ ልጅ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ስንት ነው የገዛኸው?»